በሞቴ ካላሏት የማትነሣው አብራሪ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ እየተነጋገሩ በሚኖሩበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ የእንስሳት መንደር ነበረ። ገደሉን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ከአፋፉ ላይ ድንጋይ የለቀቀ እንደሆነ፣ ድንጋዩ ታች ሳይደርስ እሱ እቤቱ ገብቶ ጋደም ይላል። ከገደሉ ማዶ ለምለም መስክ አለ፤ ከመስኩ ወዲያ የጨው ዋሻ አለ። ጨዉ የአንበሳ ነው። አንበሳ ሥጋ ያለ ጨው አልበላም ስለሚል፣ አህዮች ያን ገደል እየወረዱና እየወጡ አሞሌ ያመላልሱለት ነበር።

በዚያ መንደር እንኮዬ የምትባል ወጣት አህያ ነበረች። እናቷ የአንበሳን ጨው ስትሸከም ኖራ፣ አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ ተንከባሎባት ወድቃ ጉልበቷ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ እያነከሰች ነው የምትሄደው። አንበሳም አይቶ፣ «እናትየዋ አርጅታለች፤ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ልጅቷ ትጫን» ብሎ ፈረደ። እናንተዬ፣ ያን ቁልቁለት የለመደች አህያ በደህና ጉልበት አርጅታ አታውቅም። እንኮዬ ይህን ስታስብ ድርቆሹ ከአፏ ይወድቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን ንስር አንድ ብልሃት አመጣ። ከቀርከሃ ትልቅ ቅርጫት አሠርቶ፣ ዙሪያውን በገመድ አሰረና ገመዱን አሞሮች በእግራቸው ይዘው እንዲበሩ አደረገ። ስሙንም «የአሞራ አየር መንገድ» አለው። መንደሩ በደስታ እልል አለ። ምን ዋጋ አለው፣ አሞራ ሲበር ወደ ፊት አያይም፤ ወደ ታች ነው የሚያይ። የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ማዶ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ፣ አሞሮቹ የሞተ ጎሽ አይተው ከነቅርጫቱ ሬሳው አጠገብ አራገፏቸው። የተጠየቀ ዘመድ የለም፤ የተበላ ጎሽ ነው ያለው።

ንስርም፣ «ቅርጫቱ ውስጥ ተቀምጦ አሞሮቹን በገመድ የሚመራ አብራሪ ያስፈልጋል። ተፈትኖ ያለፈ ይቀጠራል። አብራሪ የሆነ ደግሞ ከጭነት ነጻ ነው፤ በአየር ላይ አንበሳም ቢሆን አያዝም» ብሎ አስነገረ።

እንኮዬ ይህን ስትሰማ ጆሮዎቿ ቀጥ አሉ። ሄዳ ተመዘገበች። መንደሩማ ምን ይጠብቃል! ገና ሳትፈተን «ካፒቴን» አላት።

«ካፒቴን እንኮዬ፣ ለእኔ በመስኮት በኩል ያዥልኝ እሺ?» አለቻት ጎረቤቷ እትዬ ፍየል።

«እትዬ፣ ቅርጫት መስኮት የለውም እኮ።»

«ላንቺ ጎረቤትሽ አንድ መስኮት መክፈት ያቅትሻል?»

እንኮዬ ጨዋ ነበረች። ስለ ጨዋነቷ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። በዚያ መንደር ጨዋ የሚባለው በአንድ ጥሪ የማይነሣ ነው። ድግስ ቤት «ብሉ» ሲባል ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። «ኧረ ብሉ እንጂ» ሲባል «ኧረ ይቅርብን፣ በልተን ነው የመጣነው» ይላል። «በሞቴ!» ሲባል ያን ጊዜ ነው አፍ የሚከፈተው። ገና በመጀመሪያው ጥሪ የሚነሣ አንድ ፍጥረት ብቻ ነበረ፤ እሱም ጅብ ነው። እንኮዬን ግን እናቷ በሞቴ ሳይሏት ውሃ እንኳ እንዳትጎነጭ አድርጋ ነው ያሳደገቻት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ባዶ ቅርጫት ተንጠልጥሎ፣ ጦጣዎች በገመድ እየጎተቱ ማዕበል እንደመታው ያወዛውዙታል። ፈታኙ ራሰ በራው ወፍ አባ ኮዳ ነበር። ክንፎቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ እንዲህ አለ፦

«ተፈታኝ በቀኝ እግሩ የቀኙን ገመድ፣ በግራ እግሩ የግራውን ይይዛል። በጉልበቶቹ መሀል ውሃ የሞላ ቅል ያቅፋል፤ ውሃው ጠብ ማለት የለበትም። ለእያንዳንዳችሁ የአየር ስም ተሰጥቷችኋል። ጌታ ንስር ከዋርካው ጫፍ ሆነው በስማችሁ ሲጠሩ ‹አቤት› ብሎ የታዘዙትን ማድረግ ነው። የሌላ ስም ሲጠራ ጭጭ! የወደቀ ከክረምት በኋላ አንዴ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ አንተዋወቅም።»

መጀመሪያ የገባው አያ ጅቦ ነው። የአየር ስሙ «ጉም» ነበር። ንስር ገና አፉን ሲከፍት፣ «አቤት! አቤት! አቤት!» አለ።

«ገና አልጠራሁህም!» አለ ንስር። «ጉም! ወደ ቀኝ!»

ቅርጫቱ ውስጥ ጸጥ አለ።

«ጉም! ወደ ቀኝ አልኩ!»

«ወደ ቀኝ አይሆንልኝም ጌታዬ።»

«ለምን?»

«የቀኙን በልቼዋለሁ።»

ለካ ገመዱ የጠፍር ኖሯል! ንስር ተናዶ፣ «እሺ ወደ ግራ!» ሲል፣ አያ ጅቦ አፉ ሞልቶ፣ «ትንሽ ይታገሡኝ፣ እሱን እያኘኩ ነው» አለ።

አያ ጅቦ ወረደ፤ ሌላ ገመድ ታሰረ፤ እንኮዬ ገባች። የእሷ የአየር ስም «ጤዛ» ነበር። ቅሉን በጉልበቷ አቀፈችው። ጦጣዎቹ ቢጎትቱ፣ ቢያወዛውዙ፣ ቢሰቀሉበት ውሃው ንቅንቅ አላለም። ጭነት ሲያመዛዝን ከኖረ ዘር ናት። አባ ኮዳ በራ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ።

«ጤዛ! ወደ ግራ!» አለ ንስር።

እንኮዬ በደንብ ሰምታለች። ግን በመጀመሪያው ቃል ዘላ ገመድ ብትጎትት ማን አሳደጋት አይሏትም? አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «አቤት... ኧረ እርስዎ እንዳሉ» አለችና በሞቴ እስኪላት ጠበቀች። ንስር አልደገመም።

«ጤዛ! ወደ ቀኝ!»

«የግራውን ተወው ማለት ነው፤ በቀኙ ሊለምነኝ ነው» ብላ አሰበችና ፈገግ ብላ ጠበቀች።

«ጤዛ! ወደ ላይ!»

አሁንስ ንስር በጣም አጥብቆ ስለጠራት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቢላት ልትነሣ ቆርጣ ነበር። እሱ ግን ከዋርካው ወርዶ ፊቷ ቆመ።

«ጤዛ፣ የገደሉ ግድግዳ ላይ ተላትመሻል። ከነተሳፋሪዎችሽ። አላለፍሽም።»

ይቺንም ደግሞ እስኪላት ጠበቀች። አልደገመላትም።

እቤት ስትደርስ መንደርተኛው እልል ሊል ደጅ ሞልቶ ነበር። ጆሮዋ መውደቁን ሲያዩ እልልታው ተዋጠና እዚያው ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ምን ያድርጉ፣ አንዴ ተሰብስበዋል! ተራ በተራ እየገቡ «እግዜር ያጽናሽ» እያሉ ተቀመጡ። እትዬ ፍየል ዓይኗን ጠረግ አድርጋ፣ «ምስኪን፣ ምን ዓይነት ልጅ ነበረች!» አለች፤ እንኮዬ አጠገቧ ተቀምጣ ሳለ! ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ታዲያ የእኔ የመስኮት ቦታም ቀረ ማለት ነው?» ብላ የእውነት አለቀሰች።

አያ ጅቦም መጣ። እሱ ምንም ሐዘን የለበትም።

«እኔ አልወደቅኩም፤ ጣሉኝ እንጂ» አለ። «ሁሉም በዘመድ ነው። አጎቴ አሞራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አየር ላይ ነበርኩ።»

«አያ ጅቦ፣ ገመዱን በልተኸው የለ እንዴ?» አለች የእንኮዬ እናት።

«ታዲያስ! ምን ሊያደርጉ ከጠፍር ሠሩት? ሆን ብለው ነው! ጅብ ይመጣል ብለው ነው!»

ለቀስተኞቹ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። እንኮዬም ደስ አላት። ያልታወቀ ዘመድ ነው የጣለኝ ማለት ቁስል ላይ ቅቤ እንደመቀባት ነው፤ ያለሰልሳል፣ አያድንም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ድርቆሽ ቢያቀርቡላት አልበላ አለች። እናቷ ጥቂት ቀን ታገሠቻትና አንድ ጠዋት መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«ልጄ፣ እኔ ስወድቅ ጉልበቴ ተሰበረ። አንቺ ወድቀሽ ምንሽ ተሰበረ?»

እንኮዬ ጉልበቷን አየችው። ደህና ነው።

«እንግዲያው ተነሺ። ከክረምት በኋላ ወይ ቅርጫቱ ነው ወይ ቁልቁለቱ። በሞቴ ተነሺ።»

በሞቴ ስለተባለች ተነሣች።

ቀበሮ ደግሞ ይህችን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል። የወደቀ በበዛበት አገር ቀበሮ ሥራ አይፈታም። ከጉብታው ላይ ቆሞ፣ «የአብራሪነት ማሠልጠኛ ተከፍቷል! ጥያቄው ከነመልሱ እጄ ገብቷል! የንስር የጎረቤቱ የክርስትና ልጅ ወዳጄ ነው!» እያለ ጮኸ። እንኮዬና አያ ጅቦ ሄዱ።

«መምህር፣ እርስዎ ተፈትነው አልፈው ነው?» አለች እንኮዬ በአክብሮት።

«አስተማሪ ይፈተናል እንዴ? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!» አለ ቀበሮ ተቆጥቶ።

ትምህርቱ ይህ ነበር፦ «ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ።» በቃ። ንስር የሚጠይቀው በዚህ ቅደም ተከተል ነው ተባለ። አያ ጅቦ ሲሄድም ሲተኛም፣ «ግራ ቀኝ ቀኝ ግራ» ይላል። ለዚህ ትምህርት አያ ጅቦ ያገኘውን ቅልጥም ለቀበሮ ያመጣል፤ እንኮዬ ደግሞ ቀበሮን በጀርባዋ ተሸክማ ወደፈለገበት ታደርሳለች። ከጭነት ለመዳን ብላ ጭነት ገባች። ለምን እንዲህ ሆንኩ ብላም አልጠየቀች፤ ትምህርት ነዋ።

አንድ ቀን ቀበሮን ተሸክማ ወንዝ ስታሻግር ከላይ ከደጋው ጎርፍ ወረደ። ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ነው። ቀበሮ ዘወር ብሎ ሲያይ ቡናማ ግድግዳ የመሰለ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል።

«ሩጪ!» አለ።

እንኮዬ ሰምታለች። አንገቷን ሰበር አደረገች።

«ሩጪ እንጂ!»

«እሺ መምህር፣ ኧረ ይደረሳል...»

«በሞቴ ሩጪ! በእናትሽ! በፈጠረሽ አምላክ!»

ያን ጊዜ በረረች። ጎርፉ የቀበሮን ጅራት ነክቶ አለፈ። ማዶ ዳር ሲደርሱ የቀበሮ ጸጉር ቆሞ፣ ጅራቱ እንደ እርጥብ ገመድ ተንጠልጥሏል። ንዴቱን መቻል አልቻለም።

«አንቺ ደደብ! ወንዙም ሰርግ ቤት መሰለሽ? ጎርፍ እየመጣ ‹በሞቴ› እስክትባዪ ትግደረደሪያለሽ?»

እንኮዬ ቀጥ ብላ ቆመች። ቀበሮ ገና ይሳደባል፤ እሷ ግን ሌላ ድምፅ ነው የምትሰማው። «ጤዛ! ወደ ግራ!» «ጤዛ! ወደ ቀኝ!» «ጤዛ! ወደ ላይ!» ንስር እየጠራት፣ እሷ ፈገግ ብላ ስትጠብቅ። የማንም ዘመድ አልጣላትም። ጠፍሩም፣ ጦጣዎቹም አልጣሏትም። ያ ሁሉ ቅልጥምና ያ ሁሉ ሸክም ያላስተማራትን ነገር አንድ ስድብ በነጻ አስተማራት።

«ምን ቆምሽ? ሂጂ!» አለ ቀበሮ ከጀርባዋ ላይ ሆኖ።

በመጀመሪያው ቃል ተፈተለከች። ቀበሮ ግን ሁለተኛውን ሊናገር እየተዘጋጀ ስለነበር አልጨበጠም፤ ጭቃው ላይ በጀርባው ወደቀ። እሷም ዞር ብላ ሳታይ ወደ እናቷ ሮጠች።

«እማዬ፣ አውቄዋለሁ! አንቺ ነሽ የጣልሽኝ!»

እናቷ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ተቆጣች። «እኔ ስድ ልጅ አላሳደግኩም! በአንድ ጥሪ የሚነሣ ጅብ ነው!»

«እማዬ፣ ያን ዕለት ቁልቁለቱ ላይ ‹ድንጋዩ እየመጣ ነው› ሲሉሽ እስከ ስንተኛው ጥሪ ጠበቅሽ?»

እናትየዋ ቁጭ አለች። የታመመ ጉልበቷን ዘረጋ አደረገችው።

«ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ነበር» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና በድንገት፣ «ጤዛ!» ብላ ጮኸች።

«አቤት!»

እንዲህ ብለው ክረምቱን ያዙት። እናትየዋ ገለባ እያኘከች፣ በር እየዘጋች፣ እየተኛችም ሳይቀር ድንገት ትጠራለች። አንዳንዴ «ጤዛ! ወደ ግራ!» ትላለች፣ አንዳንዴ «ጉም! ወደ ቀኝ!» ብላ ታታልላለች። ቅሉ በጉልበት፣ ገመዱ በእግር ነው። መጀመሪያ ላይ እንኮዬ በ‹ጉም›ም ትነሣ ነበር፤ ውሃው ሁሉ እላይዋ ላይ ይገለበጣል። ቅሉም ተሰበረ፤ ሌላም ተሰበረ። የመንደሩ ቅል አልቆ እትዬ ፍየል፣ «ምነው፣ ቤታችሁ ምን ገባ?» እስክትል ደረሱ።

ይኸው ትምህርት ጉድ አመጣባት። የእትዬ ፍየል ልጅ ሰርግ ላይ፣ ዳሱ ሞልቶ፣ ገብሱ ቀርቦ፣ እንግዳው ሁሉ መሬት መሬቱን እያየ ሳለ እትዬ ፍየል፣ «ብሉ እንግዲህ» አለች።

«አቤት!» ብላ እንኮዬ ገብሱ ላይ ተወረወረች።

 ሙሽሪት ሻሿን አፏ ላይ ጫነች። ከዳሱ ጥግ አያ ጅቦ እንባው እየወረደ ተነሣና፣ «እህቴ! በዚህ አገር ላይ ብቻዬን ነኝ ብዬ ነበር!» ብሎ አቀፋት።

እናቷ ጆሮዋን ይዛ አወጣቻት። «እኔ ያስተማርኩሽ ለአየር ነው! ማዕድ ላይ ማን ዝለይ አለሽ?» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ እጥፍ ሆነ፤ ገመድ ስትይዝ በአንድ ቃል፣ ምግብ ሲቀርብ በ‹በሞቴ›። ሁለቱን መለየት እናንተዬ ቀላል እንዳይመስላችሁ! ስንቱ ትልቅ ሰው እየተምታታበት ሲኖር አይቻለሁ።

ክረምቱ ወጣ። መንገዱ መድረቅ ጀመረ። የአንበሳ ዘበኞች መጫኛውን ሲያሹ ይታያሉ። በዚያው ሳምንት ሁለተኛው ፈተና ተጠራ። አሁን ግን በዋርካው ላይ አይደለም፤ በእውነተኛው ቅርጫት፣ በገደሉ ላይ ነው። ገመዱ ከጠፍር ወደ ቃጫ ተለውጧል፤ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ንስር ገና «ጉም! ወደ ላይ!» ሲል፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ግራ! ቀኝ! ቀኝ! ግራ!» እያለ ገመዱን ሳበው። ቅርጫቱ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። በዚህ መሀል ከታች የሞተ በቅሎ ታየ። አሞሮቹ አዩት፤ አያ ጅቦም ሸተተው። ያ አየር መንገድ ከተቋቋመ ወዲህ አብራሪውና ሞተሩ በአንድ ልብ የተስማሙት ያን ጊዜ ብቻ ነው ይባላል። ቁልቁል ወረዱ። ሲመለሱ ሁሉም ጠግበዋል።

«አላለፍክም» አለ አባ ኮዳ።

«ግድ የለም፣ በልቻለሁ» አለ አያ ጅቦ።

ጉዱ የተረፈው ለእንኮዬ ነው። አሞሮቹ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ዓይናቸው በእንቅልፍ ተጫጭኖ ነበር። የጠገበ አሞራ ቶሎ አይዞርም፤ ጥቂት የዘገየ ትእዛዝ ሁሉ ግድግዳ ላይ ያላትማል። እናቷ ከአፋፉ ላይ ቆማለች። እሷ የቆመችበት የጨው መንገድ መነሻ ነው፤ የዘበኞቹ መጫኛ ከአጠገቧ ተቀምጧል። እንኮዬ መጫኛውን አየችውና ቅሉን በጉልበቷ አጥብቃ አቀፈች።

ቅርጫቱ ተነሣ። ከገደሉ ወገብ ላይ ነፋስ መጣ።

«ጉም! ወደ ቀኝ!»

እንኮዬ ጭጭ። እግሯ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ከአፋፉ ላይ እትዬ ፍየል፣ «ወይኔ፣ ዛሬም ልትግደረደር ነው!» ብላ ዓይኗን ሸፈነች።

«ጤዛ! ወደ ግራ!»

«አቤት!»

ንስር ቃሉን ሳይጨርስ ገመዱ ተስቧል። እንቅልፋሞቹ አሞሮች እየተንጠራሩ ዞሩ። ግድግዳው በጎን አለፈ፤ ግድግዳው ላይ የበቀለው ሣር የእንኮዬን ጆሮ ደባበሰው። ወደ ታች ስታይ የጨው መንገድ እንደ ክር ቀጥኖ ታያት። እናቷን የጣላት ያ ትልቅ ቋጥኝ ጠጠር አክሏል። ልቧ ተነካ፤ ውሃው ግን ጠብ አላለም።

«ጤዛ! ወደ ላይ!» «አቤት!» «ጤዛ! አሳርፊ!» «አቤት!»

አሳረፈች። አባ ኮዳ ቅሉን አንሥቶ አየው፤ ሙሉ ነው።

«ደክሞሻል» አላት፤ «ይቺን ውሃ ጠጪ።»

«ኧረ ይቅርብኝ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ጠጪ እንጂ!»

«ኧረ አልጠማኝም ጌታዬ።»

«በሞቴ!»

ያን ጊዜ ግጥም አድርጋ ጠጣች። አባ ኮዳ ግራ ገባው። «አየር ላይ በአንድ ቃል ስትነሺ ቆይተሽ፣ መሬት ላይ ምን ነካሽ?»

«እዚያ ገደል ነበር ጌታዬ፤ እዚህ ማዕድ ነው።»

ንስር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ታየ። «አለፍሽ» አላት።

አንድ ጊዜ ነው ያላት። አንድ ጊዜ በቃት።

የመጀመሪያው በረራ ቀን መንደሩ በሙሉ አፋፉ ላይ ወጣ። ማዶ መስክ ሄደው ሊውሉ ነው። ቀበሮም ጅራቱን አበጥሮ መጥቷል። «ካፒቴኗን ያስተማርኳት እኔ ነኝ! እኔ ባልኖር ምን ትሆን ነበር!» እያለ ይናገራል። እንኮዬ ሰማችው፤ አልተቆጣችም። እውነቱን ነው፤ ያስተማረበትን ቀን ግን እሱ ራሱ አያውቀውም።

ነፋሱ ተስማማ። ንስር ከላይ ምልክት ሰጠ። እንኮዬ ገመዱን ጨብጣ፣ «ግቡ!» አለች።

እናቷ እያነከሰች መጀመሪያ ገባች። ክረምቱን ሙሉ አብራ ስትለማመድ ነው የከረመችው። አያ ጅቦ ተከተለ፤ እሱማ ድሮም ጨዋ አይደለም። ከኋላ፣ ፊቱን ከአሞሮቹ አዙሮ እንዲቀመጥ ተደረገ። ሌላው መንደርተኛ ግን አፋፉ ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። «ኧረ እናንተ ቅደሙ» «ኧረ እርስዎ» «ኧረ እኛ እንደርሳለን» ይባባላል። ቀበሮ ከሁሉ ፊት ቆሞ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ይጠብቃል። የካፒቴኗ መምህር በአንድ ጥሪ ይገባል እንዴ!

ንስር፣ «ጤዛ! ተነሺ!» አለ።

«አቤት!»

ቅርጫቱ ብድግ አለ። ቀበሮ የተነሣችው እግሩ አየር ላይ ቀርታ ቀና ሲል፣ የቅርጫቱ መቀመጫ በራሱ ላይ ያልፋል።

«እንኮዬ! እንኮዬ! ኧረ በሞቴ እንኳ አትዪም?» ብሎ ጮኸ።

እንኮዬ ገመዱን ሳትለቅ ከላይ መለሰችለት።

«መምህር፣ ቅርጫቱም ሰርግ ቤት መሰለዎት?»

ከዚህ የምንማረው፣ ፈተና የጣለው ሁሉ አብሮት ከሚያለቅስ ጎረቤትና መልስ ከሚያሸመድድ መምህር ይልቅ ጉድለቱን የነገረውን ስድብ ሰምቶ ቢታረም እንደሚሻለውና፣ መግደርደር ለገበታ እንጂ ለመሪ ገመድ እንደማይሆን ነው።